የሚቃወም አለ?

ለዋንዛ በር ከተማ ፕላን ኮሚሽን የቀረው ሥራ አንድ ብቻ ነበር፤ መጠየቅ። መንገዱን የሚያሰምረው ፕላኑ የሚሉት በራሱ የሚያስብ መሣሪያ ነው። ውሃውን የሚያከፋፍለው፣ የትኛው ዛፍ ቆሞ የትኛው እንደሚቆረጥ የሚወስነው፣ ለሙሽሮች ቤት የሚመራው፣ ቤት የለም ሲልም ሠርጉን ለከርሞ የሚያስተላልፈው እሱው ነው። ሰው የሚያስፈልገው ሰፈር ሲያርፍ ብቻ ነበር። ያን ጊዜ የኮሚሽኑ ሊቀመንበር ከነዋሪው ፊት ይቆምና "የሚቃወም አለ?" ብሎ ሦስት ጊዜ ይጠይቃል። ይህን ሥራ ለሰው የተወው የድሮ ሕግ ነው፤ ያወጡት ሰዎች ሰው እውነቱን የሚመልሰው ሰው ሲጠይቀው ነው ብለው አስበው ይሆናል።

ፕላኑ "ማፍረስ" የሚል ቃል አያውቅም። ውሃው ለሁሉም ካልበቃ፣ ማሳ እንደሚያርፍ ሰፈርም ያርፋል ይላል። ሰፈር ሲያርፍ አስፋልቱ ተገፎ ይጫናል፣ ቧንቧው ከመሬት ይመዘዛል፣ ምሰሶው ይነቀላል፣ ነዋሪው ደግሞ ድርሻ ውሃውን ይዞ ወደ ትልቁ ከተማ ፎቆች ይሄዳል። ውሃ የተመደበው በሰው ስም ነውና ሰው ሲሄድ ውሃውም አብሮት ይሄዳል። ካረፈ ሰፈር የወጣ ሰው እዚያው ዋንዛ በር፣ ዘመድ ቤት ልጠጋ ቢል አይሆንለትም፤ ቧንቧው አያውቀውም።

አንድ ሰው ከተቃወመ ግን ሰፈሩ ዓመት ያድራል። አንድ ሰው ይበቃል፣ ምክንያትም አይጠየቅም። ገበያ ዳር የሚባለው ሰፈር እስከዛሬ የቆመው ፈንታ በሚባል ሰካራም ነው። ፈንታ በስብሰባው መካከል እንቅልፍ ወስዶት ኖሮ "የሚቃወም አለ?" ሲባል ባንኖ "እኔ የትም አልሄድም!" ብሎ ጮኸ። ወደ ቤቱ ሊያስገቡት የመጡ መስሎት ነበር። ፕላኑ ግን እንደ ቁም ነገር መዘገበው። በዓመቱ ዝናቡ ደግ ሆነ፣ ስሌቱ ተለወጠ፣ ገበያ ዳርም ተረፈ። ከዚያ ወዲህ ፈንታ ቢወላገድም፣ ቢሳደብም፣ በሰፈሩ የሚገላምጠው ሰው የለም።

የኮሚሽኑ ሊቀመንበር ልየው አሻግሬ ይባላል። ቀድሞ የመናኸሪያ ስምሪት ሠራተኛ ነበር፤ አውቶቡስ የሚባለው ነገር ሲቀር "ድምፁ ጥሩ ነው" ተብሎ ለዚህ ተመረጠ። ከእሱ ሌላ የነበረችው አባል ስመኝ የምትባል የፋርማሲ ሠራተኛ ናት። ሦስተኛው አባል ከሞተ በኋላ የሚተካው አልመጣም። ቢሯቸው ውስጥ አንድ ጠረጴዛ አለ፤ ጠረጴዛው ላይ ፕላኑ የሚናገርበት ትንሽ ሣጥን ተቀምጧል። ስመኝ አቧራ እንዳይነካው ብላ ዳንቴል ሠርታ አልብሳዋለች።

በጥቅምት አንድ ማለዳ ፕላኑ "እንዴት አደራችሁ" አለና የሚቀጥለው ተራ የወፍጮ ሰፈር መሆኑን ተናገረ።

"ወፍጮ ሰፈር?" አለ ልየው።

"ወፍጮ ሰፈር" አለ ፕላኑ። የዋንዛ በርን አነጋገር ተምሮታል፤ የቃሉን መጨረሻ እንደ አገሬው ሳብ ያደርገዋል። "ጥያቄው በሚመጣው እሑድ ከሰዓት በኋላ ይቀርባል።"

ስመኝ ቀና ብላ ልየውን አየችው። "እትዬ ትርንጎ..." አለችና ተወችው።

ትርንጎ የልየው ታላቅ እህት ናት። እናታቸው የሞተችው እሱ ገና ሲድህ ነበር። ትርንጎ ትምህርቷን አቋርጣ አዝላ አሳደገችው። ባል ሁለት ጊዜ መጥቶላት ሁለት ጊዜም "ልጅ አለኝ" ብላ መልሳለች። ልጁ እሱ ነው። ዛሬ ፀጉሩ የሸበተ፣ የሦስት ልጆች አባት ሆኖም ወፍጮ ሰፈር ሲሄድ እጁን እስክታስታጥበው ድረስ ምግብ አይነካም። አሁን ፕላኑ ይህችን ሴት ከቤቷ አንሥቶ ፎቅ ላይ ሊያስቀምጣት ነው። እዚያ ጎረቤት ከጎረቤት ጎን አይመደብም፤ ሁሉም ክፍት በተገኘበት ነው የሚገባው። ቀድሞ ካረፈው ከቆዳ ሰፈር የሄዱት አሮጊቶች ክረምቱን አልዘለቁም። ምን እንደገደላቸው ሲጠየቅ "ዕድሜ" ነው የተባለው፤ እዚህ እያሉ ግን ያው ዕድሜ ነበራቸው።

ልየው ደነገጠ፤ ግን ተስፋ አልቆረጠም። ትርንጎ ዝም ብላ አታውቅም። የእድሩን ዳኛ በድንኳን ጉዳይ አስጨንቃ ከሥልጣን አስወርዳለች። አንድ ጊዜም መንገድ በሚደመድመው ማሽን ፊት ለፊት ጃንጥላዋን ዘርግታ ቆማ ከደጇ የበቀለችውን የኮሽም ዛፍ አስተርፋለች። ለእሷ "የሚቃወም አለ?" ማለት ለተራበ ሰው "ትበላለህ?" እንደማለት ነው። ማንም ባይናገር እሷ ትናገራለች።

ብቻ ይህን ሊነግራት አይችልም። ሕጉ ጥብቅ ነው፤ የኮሚሽን አባል ነዋሪውን ተቃወም ወይም አትቃወም ካለ፣ በቃልም ይሁን በጥቅሻ፣ ተቃውሞው ይሰረዛል። ፕላኑ ደግሞ ቧንቧና ምሰሶ ባለበት ሁሉ ይሰማል፣ ያያልም። ጎረቤት ከተማ ቆላ ምንጭ ላይ የደረሰው ለሁሉም ትምህርት ነበር። እዚያ ሊቀመንበሩ ሦስተኛውን ጥያቄ ጠይቆ ሲያበቃ ሳል አመለጠው። ጉንፋን ይዞት ነበር ይባላል። ወዲያው አንዲት ሴት ተነሥታ "እቃወማለሁ" አለች። ፕላኑ ሳሉን እንደ ምልክት ቆጠረው። ተቃውሞው ተሰረዘ፣ ሰፈሩ አረፈ፣ ሰውየውም ከልጆቹ ተለይቶ ወደ በረሃ ጣቢያ ተወሰደ።

ቅዳሜ ከሰዓት ልየው የውሃ ጠርሙሱን ይዞ እህቱ ዘንድ ሄደ። ትርንጎ ደጃፏ ላይ ተቀምጣ ጎመን እየቀነጠሰች ነበር።

"መጣህ ወንድሜ?"

"መጣሁ እትዬ።"

ጠርሙሱን ከእጁ ተቀብላው ወደ ውስጥ ገባች። በዚህ ዘመን እንግዳ የሚጠጣውን ይዞ ነው የሚመጣው፤ የባለቤቱ ቧንቧ ለእንግዳ አይፈስም። ለቅሶ ቤት ሳይቀር ሰው ጠርሙሱን በነጠላው ሸፍኖ ይገባል። ትርንጎ ግን ይህን ውርደት እስከዛሬ አልተቀበለችውም። የራሱን ውሃ በራሷ ብርጭቆ ቀድታ፣ ከሥሩ ሳህን አድርጋ አመጣችለት።

"ጠጣ፣ የቤቱ ነው" አለችው።

"እግዜር ይስጥልኝ" አለ፤ ጠጣም።

ትርንጎ ወደ ጎመኗ ተመለሰች። ከአጥሩ ማዶ ምሰሶው ቆሟል።

"ነገ አንተው ነህ የምትጠይቀው?"

"እኔው ነኝ።"

"እምቢ አልጠይቅም ብትልስ?"

"ፕላኑ ራሱ ይጠይቃላ።"

ትርንጎ ጎመኑን ገፋ አደረገችው። "የቆላ ምንጩ ሰውዬ አሁን የት ነው ያለው?"

"በረሃ ነው አሉ።"

"ልጆቹስ?"

"እነሱ እዚያው ቀሩ መሰለኝ።"

"ውይ!" አለች። ከንፈሯን መጠጠችና ራሷን ነቀነቀች። ልየው ግን በሆዱ ደስ አለው። እትዬ ስለ ሳሉ ሰምታለች ማለት ነው፤ ምልክት እንደማትፈልግ፣ የምትሠራውን እንደምታውቅ እየነገረችኝ ነው ብሎ አሰበ።

"ሥራህን ትወደዋለህ?" አለችው ድንገት።

አልወደውም ሊል ነበር። ምሰሶውን አየና "እንጀራዬ ነው" አለ።

"እሱማ ነው።"

ሲወጣ እስከ አጥሩ ሸኘችው። "ነገ ቀደም ብለሽ ነይና ፊት ወንበር ያዢ" አላት። ይህን ያህል ማለቱም አስፈርቶት መንገዱን ሁሉ ቃሉን እያገላበጠ ሄደ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ፕላኑ ግን ምንም አላለም።

እሑድ የድሮው ትምህርት ቤት አዳራሽ ጢም ብሎ ሞላ። ወፍጮ ሰፈር አንድም ሰው አልቀረበትም፤ አራስ እንኳ ልጇን ታቅፋ መጥታለች። ወፍጮ ሰፈር የራሱ ደንብ አለው። እድር ላይ ይሁን ሽምግልና ላይ፣ ታላቅ አፉን ሳይከፍት ታናሽ አይናገርም። ታላቁ ከተናገረ በኋላ ሁሉም እንደፈለገው ይጮኻል፣ ይጣላል፣ ይታረቃል። የሰፈሩ ታላቅ ደግሞ ትርንጎ ናት። ነጭ ለብሳ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ልየው ይህን ሲያይ ልቡ ረጋ።

ስመኝ ሣጥኑን ከነዳንቴሉ አምጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። ልየው ቆመና ጠየቀ።

"ወፍጮ ሰፈር እንዲያርፍ ቀርቧል። የሚቃወም አለ?"

ራሶች ሁሉ ወደ ትርንጎ ዞሩ። ትርንጎ ነጠላዋን አስተካከለች። ልየው እሷን ማየት አልቻለም፤ ቢያያት ማየቱ እንደ ጥቅሻ ይቆጠርበታል። ጣራው ላይ አፈጠጠ።

"የሚቃወም አለ?"

አንድ ሕፃን አለቀሰ፣ እናቱ ጡት ሰጠችው። ልየው ጉሮሮውን በላው። ሳሉ እስከ ምላሱ ሥር መጥቶ ተናነቀው፤ ዓይኑ እንባ እስኪያቀር ዋጠው። እትዬ፣ በይ እንጂ፣ አለ በልቡ። ምን ትጠብቂያለሽ? በሕይወቷ ሙሉ ሳይጠይቋት የምትናገር ሴት አሁን ተጠይቃ ምን ያዛት?

ሦስተኛውን ጥያቄ የቻለውን ያህል አዘገየው። ከዚያ በላይ ቢያዘገየው ፕላኑ ይወስድበታል።

"የሚቃወም... አለ?"

ዝም አይነቅዝም ይባላል። ይህን ያለ ሰው ያን አዳራሽ አላየም።

"ያለ ተቃውሞ ጸድቋል" አለ ፕላኑ፣ ቃሉን ሳብ አድርጎ። "ወፍጮ ሰፈሮች፣ እናመሰግናለን።"

ሰው በዝግታ ተነሣ። አንዳንዶቹ እንደ ደንባቸው ወደ ሊቀመንበሩ እየመጡ ጨበጡት። ለቅሶ ቤት ያለ እንዲመስለው ያደረገው የእጃቸው አያያዝ ነበር። ትርንጎ መጨረሻ ላይ መጣች። ፊቷ ደክሞታል፣ ግን ፈገግ ብላለች። ልጅ ሳለ ከትምህርት ቤት ደህና ውጤት ይዞ ሲመጣ ታየው እንደነበረው ነው ያየችው።

"አላሳፈርንህም አይደል?" አለችው።

"ምን አልሽ እትዬ?"

"አላሳፈርንህም ወይ? አንድ ሰው ቢቃወም ኖሮ አንተን ምን ያደርጉህ ነበር? የቆላ ምንጩን ሰውዬ ሴትዮዋ ስለተቃወመችበት አይደለም እንዴ በረሃ የጣሉት?" ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "አፌ ላይ መጥቶ ነበር፤ በጥርሴ ያዝኩት። እኔ ምን ቀረኝ? አንተ ልጆች አሉህ።"

ልየው አሁን ገባው። ስለ ሳሉ አልሰማችም። ወሬው ወፍጮ ሰፈር እስኪደርስ ሳሉ መንገድ ላይ ወድቆ ቀርቷል፤ የደረሰው ሴትዮዋ መቃወሟና ሰውየው መወሰዱ ብቻ ነው። ሰውየውን ያስወሰደው ሳል ነው፣ ተቃውሞ አይደለም፣ አንቺ ብትናገሪ ኖሮ ማንም አይነካኝም ነበር፣ ሊላት አፉን ከፈተ። ቢላት ምን ታደርገዋለች? ቤቷን ለእሱ ሰጥታ በመስጠቷ የቆመች ሴት ናት። ይህን ከወሰደባት ወደ ፎቁ ይዛው የምትሄደው ምን ይቀራታል?

"አላሳፈራችሁኝም እትዬ" አላት።

"ተመስገን" አለችና ግንባሩን ሳመችው።

የእድሩ ጸሐፊ ማስረሻ ከአዳራሹ ደጃፍ ይጠብቀው ነበር። ጎልማሳ ነው፣ ደንዳና ትከሻ ያለው፤ እንደ ልጅ ዓይኑን እየጠረገ ነበር።

"ጋሼ ልየው፣ እኛ እኮ እሳቸውን ነበር የምንጠብቀው" አለ። "ሁላችንም አፋችን ላይ ነበር። በየቤቱ ተነጋግረን ነው የመጣነው። እትዬ ትርንጎ ይጀምራሉ፣ እኛ እንከተላለን ብለን። እሳቸው ዝም ሲሉ፣ እሳቸው ያወቁት ነገር ቢኖር ነው አልን።"

"አንተ ለምን አልተናገርክም? አንድ ሰው እኮ ነው የሚበቃው!"

ማስረሻ ደንግጦ አየው። "እሳቸውን ቀድሜ? እንዴት አድርጌ ጋሼ?"

ልየው ሊቆጣው ፈልጎ አልሆነለትም። እሱም ቢሆን በማስረሻ ቦታ ተቀምጦ ቢሆን ኖሮ እሷን አይቀድማትም ነበር። ያሳደገችው እንዲያ ነው።

ወደ ቢሮው ተመለሰ። ስመኝ ተከተለችው።

"ጥያቄው እንደገና ይጠየቅ" አለ ለሣጥኑ።

"ሦስት ጊዜ ተጠይቋል።"

"እንግዲያው ከእህቴ ጋር እሄዳለሁ።"

"እርስዎ የወፍጮ ሰፈር ነዋሪ አይደሉም" አለ ፕላኑ፤ ድምፁ ውስጥ ክፋት አልነበረም። "አንድ ሌላ ጉዳይ አለ። ወፍጮ ሰፈር ሲያርፍ ዋንዛ በር ከከተማ ደረጃ ይወርዳል። ከተማ ያልሆነ ቦታ ኮሚሽን አይኖረውም። የእርስዎም የወይዘሪት ስመኝም ሥራ በዚሁ አብቅቷል። ስለ አገልግሎታችሁ እናመሰግናለን።"

ስመኝ ተነሣችና ከሣጥኑ ላይ ዳንቴሉን ገፈፈች። "ይሄ የእኔ ነው" አለች፤ አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

"ስመኝ" አላት ልየው፣ "ይህን እትዬ እንዳትሰማ።"

"እንዴት ትሰማለች? ማን ይነግራታል?" አለችና ፊቷን አዙራ አለቀሰች።

ልየው ግን አላለቀሰም። ሆድ ይፍጀው ብሎ ያዘው።

ወፍጮ ሰፈር ከገና በፊት ተነሣ። ሰው መኪና ላይ ሲሳፈር ከኋላ አስፋልቱ እየተገፈፈ ይጫን ነበር። የእድሩን ድንኳን ማን ይውሰድ በሚለው ላይ ትልቅ ክርክር ተነሥቶ ነበር፤ እዚህ ላይ ሁሉም አፍ አውጥቶ ተከራከረ፣ ትርንጎም ጮኸች። በመጨረሻ ድንኳኑ ፎቅ ላይ አይተከልም ተብሎ እዚያው ቀረ። ጎረቤቶች በየተመደቡበት ፎቅ ስም ለየብቻ ሲጠሩ እጅ ለእጅ ተያይዘው ስለነበር መላቀቁ ጊዜ ወሰደ።

ትርንጎ በመኪናው መስኮት እጇን አውጥታ የልየውን ኮሌታ አስተካከለች።

"ሥራህን አክብረህ ያዝ" አለችው።

"እሺ እትዬ።"

"እሑድ እሑድ እደውላለሁ።"

"እሺ።"

"ልጆቹን ሳምልኝ። ሂድ አሁን፣ ሥራ ፈት ሰው ይመስል እዚህ አትቁም።"

እሺ አለና ሄደ። መኪናው እስኪሰወር ግን ሥራ ፈት ሰው ነበርና ከግንብ ጀርባ ቆሞ አየ።

እሑድ ደወለች። ፎቁ እንዴት ነው ሲላት "ደህና ነው፣ ሰማይ ይቀርበዋል" አለች። ጎረቤቶችሽ እነማን ናቸው ሲላት "አላወቅኋቸውም፣ በራቸው አይከፈትም" አለችና ፈጥና ወሬ ለወጠች። "አንተስ፣ ሥራ እንዴት ነው? ምን ወሰናችሁ በዚህ ሳምንት?"

"ምንም" አለ ልየው።

"ምንም?" አለች በቀጭን ድምፅ። "ምነው፣ ችግር አለ እንዴ?"

በሚቀጥለው እሑድ ስትደውል መልሱን አዘጋጅቶ ጠበቃት። መንገድ ልንሠራ ነው አላት። ከየት ወዴት አለችው፤ ነገራት። ከዚያ በኋላ ገበያው ጣሪያ ሊለብስ ነው አላት፣ ቀጥሎ ትምህርት ቤቱ ላይ አንድ ክፍል ሊጨመር ነው አላት። እየቆየ ሳምንቱን ሙሉ የሚያስበው ይህንኑ ሆነ። ጠዋት ተነሥቶ ልብሱን ለብሶ ይወጣል፤ ያረፈውን ሰፈር ከከበበው አጥር አጠገብ ድንጋይ ላይ ይቀመጣል፤ እዚህ ጋ የጥላ ዛፍ፣ እዚህ ጋ ለእግረኛ መሻገሪያ እያለ ሲያቅድ ይውላል። ዋንዛ በር በእህቱ ስልክ ውስጥ እያደገች ሄደች። ትርንጎም ጎረቤቶቿን እያንኳኳች "ወንድሜ የከተማ ፕላን ሊቀመንበር ነው" ማለት ጀምራ አንዲት ሴት በሯን እንደከፈተችላት ነገረችው።

በሰኔ አንድ እሑድ ድልድይ እየሠራን ነው አላት።

"የት ጋ?"

"ወንዙ ላይ። ከወፍጮው በታች።"

"ከወፍጮው በታች!" ድምፅዋ ድሮ የእድሩን ዳኛ እንዳስጨነቀው ያለ ነበር። "ክረምት ውሃው እዚያ ጋ እንደሚገነፍል አንተ አታውቅም? ልጆች ይበላል! ማነው ይህን የፈቀደው? ስትጠይቁ የሚቃወም ሰው ጠፋ?"

"ጠፋ እትዬ።"

"ወይ ጉድ! ሰው እንዲህ አፉን ይዘጋል?" አለች፤ ከዚያም ሳቀች። "እኔ ብኖር ኖሮ እቃወም ነበር።"

ልየው ድንጋዩ ላይ እንደተቀመጠ አጥሩን አሻግሮ ተመለከተ። ወንዙ ድርቅ ብሏል።

"አውቃለሁ እትዬ" አላት። "አንቺ ብትኖሪ ትቃወሚ ነበር።"